ድንጋዩ የጠጣው

ሙሄ ደርሶ ከደላንታ፣ በሌሊት መኪና መጣ፤
ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ፣ ሦስት ኦፓል አወጣ።
አንዱ የጣዎስ አንገት፣ አንዱ ፍም የተዳፈነበት፣
ሦስተኛው የበጋ ተረከዝ፣ መስመር በመስመር የተፈለጠበት።
"ይሄን ገዢው መለሰብኝ፤ ስሸጥለት ደህና ነበር።
በወሩ ነቃ ይለኛል። ለመሆኑ፣ ድንጋይ ተኝቶ ነበር?"

ደሴ ናት፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤ መብራት ሦስቴ ሄደ፤
ማሽኑም ኩሩ ነው፣ ከአንድ ካልጀመረ አልወደደ።
ስንጣሪውን ፈጨሁለት፤ ሙሄ ማየት አቃተው፣
ልጁን መርፌ እንደሚወጉበት አባት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰው።

ራጅ ጨው ውስጥ ሲገባ፣ ሰልፍ ያገኛል፣ ረድፍ በረድፍ፤
ወረቀት ላይ ይወጣል፣ እንደ መርፌ፣ እንደ ሰይፍ።
ኦፓል ሰልፍ አያውቅም። በሃያ ሁለት ዲግሪ ግድም
አንድ ጉብታ ሰጠኝ፤ ሰፊ፣ ፈዛዛ፤ ጫፍ የለው፣ ስለት የለውም።
"ይሄማ የኛ ቀበሌ ነው" አለ፤ "ቤቴም እዚህ ጋ ነው"፤
የጣቱ አሻራ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ያልጠረግሁት እኔው ነኝ፣ እኔው።

ውሃውን ግን አላየሁም።
ራጅ ባለጠጋ ነው የሚያየው፣ ኤሌክትሮን ያካበተውን፤
ሃይድሮጅንን፣ አንድ ብቻ ያላትን፣ ያቺን የውሃ ድሃዋን፣
በደጇ ያልፋል እንጂ፣ እንዴት አደርሽ አይላትም።
ኒውትሮን ሌላ ነው። ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ብሎ ወገን አይለይም፤
ድንጋዩን እንደ ጉም ሰንጥቆ፣ እስከ ልቡ ይዘልቃል፤
እሷን ሲያገኛት ብቻ ደንግጦ፣ መንገዱን ይለቃል።

እኛ ጋ የለም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ጻፍሁ፣ ለመንሁ፤
ቅጹ "የናሙናው ባለቤት" ሲለኝ፣ "ሙሄ ደርሶ" ብዬ ሞላሁ።
ስድስት ወር። ድንጋዩ እዚያው ቀረ፤ ጨረሩ ይብረድ አሉ፤
የመጣው ፊልም ነው፤ ጥቁር ጥላዎች ከጫፍ ወደ መሐል ይሸሻሉ።
ውሃው ነው። አንዱ እንግዳ፣ ጓዙን ሳይፈታ የሚሄድ፤
ሌላው ባላገር፣ ቤቱ ካልፈረሰ የማይሰደድ።
እንግዳው ተጣድፎ ሲወጣ፣
ያኔ ነው ስንጥቁ የሚመጣ።

ደወልሁ። ልጁ ሰአዳ አነሳች። "እዚያው ደሴ ነው፣ ሆስፒታል።"
ሄድሁ። ከአልጋው ራስጌ፣ መስኮቱ ላይ፣ ራጁ ተለጥፏል።
ሃያ ዓመት በገደል ቀዳዳ፣ በሻማ፣ በመሮ፣ የማገው
አቧራ፤ ያው የድንጋዩ አቧራ፤ ነጭ ነጭ ሆኖ ሳንባው ላይ ሰፈረው።
ይሄኛውን ራጅ አይቶታል።
ጥርት አድርጎ አይቶታል።

"በጥላ፣ በቀስታ ይድረቅ" አልሁት፤ "ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ።"
"ሦስት ወር!" ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ቆየ፣ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ።
"ገዢው ነገ ይመጣል። ዱቤው ደግሞ የዛሬ ነው።"
ምን ልበል? ፊልሙ እጄ ላይ ነው፤ ዱቤውን አያሳይም ምኑም ነው።

ከትራሱ ሥር አንድ ኦፓል አወጣ፣ የጣዎስ አንገቱን፣
ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ዝም ብለን አየን ሁለታችን።
መጀመሪያ አረንጓዴው ሄደ፤
ቀዩ ትንሽ ዘገየ፣ ተከትሎ ወረደ፤
ከዚያ ድንጋዩም ራሱ የለም። ውሃ ብቻ።

"ጠጥቶ ይጠፋል፤ ሲጠማው ይመለሳል" አለኝ።
"ይሄንን ማሽንሽ ያውቃል?"
"አሁን ያውቃል" አልሁ።

ነርሷ ገባች፤ ጠረጴዛውን ጠረገች፣ ኪኒኑን ቆጠረች፤
ያደረ ውሃ መስሏት፣ ልትደፋ ብርጭቆውን አነሳች።
"ተይ!"
ሁለታችንም ባንድ ድምፅ።